ጤዛ የምንጠርግበት ገመድ

ሰሞኑን አንድ ማለዳ በሬን ስከፍት፣ ደጄ ካለችው ትንሽ መስክ ላይ የድስት ክዳን የምታክል ክብ ነገር አየሁ። መሀሏ የገለባ መልክ ይዟል፤ ዙሪያዋ ወደ ጥቁረት ያደላል። በማግስቱ አጠገቧ ሌላ ክብ ወጣ። ባለቤቴ አስራት በሕይወት ቢኖር እንዲህ ያለች ክብ እዚህ ሳር ላይ አትወጣም ነበር። የደብረ ብርሃን ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ እስክትሞቅ ሲጠብቅ፣ እሱ ተነሥቶ ሳሩን የሚጎበኝ ሰው ነበር።

ጎረቤቴ ዘነበች መስኩ ዳር ቆሜ አየችኝ። ዘነበች ለፋብሪካ ሥራ ከወሎ መጥታ እዚሁ ጡረታ የወጣች፣ ባዶ እጇን ደጄን ረግጣ የማታውቅ ሴት ናት። ያን ቀን አሹቅ በሳህን ይዛ ገባች።

«መድኃኒት አስረጪበት እንጂ፤» አለችኝ ሳሩን አይታ። ከዚያ ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይለመዳል እህቴ። ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ።»

ሁለተኛው ነገር ስለ ሳሩ እንዳልሆነ ገባኝ። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ቃል ያላለኝ ሰው የለም፤ ሁሉም ከቅን ልብ ነው ያሉት። እኔ ግን መድኃኒትና መልመድ በአንድ ትንፋሽ ሲነሡ ስሰማ፣ አሹቁን እንደያዝኩ ሐሳቤ ወደ አንኮበር ሄደ። እኔና አስራትን ያገናኘን አንድ የታመመ ሳርና ይኸው «ለመደ» የሚሉት ቃል ነበር።

ያኔ ገና ወጣት ነኝ። ከእርሻ ኮሌጅ በዲፕሎማ ወጥቼ አንኮበር ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ የጓሮ አትክልት ኃላፊ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ኃላፊ ይበሉኝ እንጂ የማዘው ጎመንና ካሮት ብቻ ነው። የማረፊያው ባለቤት ጋሽ ዘውዴ ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ የጨረሱ መሐንዲስ ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ጎልፍ መጫወት ተምረው ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጡ ያንን ጨዋታ ትተው መኖር አልቻሉም። ስለዚህ ከማረፊያው ሥር ያለውን ሜዳ አስተካክለው ሦስት ቀዳዳ ያለው የጎልፍ መስክ አሠሩ። ዘሩ ከውጭ የመጣ፣ እንደ ሕፃን ጠጉር የሳሳ ሳር ነበር። ገበሬው «የዘውዴ ምንጣፍ» ይለዋል። ለጨዋታውም ስም ለማውጣት አልተቸገረም። ዱላ አለ፣ ኳስ አለ፣ ተጋጣሚ ግን የለም፤ «ብቻን የሚጫወቱት ገና» አለው።

አስራት የጫጫ ልጅ ነው። አዲስ አበባ የጎልፍ ሜዳ ሳር ሲያጭድና ሲያጠጣ ቆይቶ፣ ለዚህ ምንጣፍ ሲሉ ጋሽ ዘውዴ ያመጡት ሠራተኛ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ ልጅ። ቀዳዳዎቹ ያሉባቸውን ለስላሳ ቦታዎች ሲረግጥ ጫማውን ያወልቃል። በዚያ ብርድ ባዶ እግሩን ሳየው መጀመሪያ ሳቅኩ። በኋላ መሳቄን ተውኩ፤ ከጎመኑ መደብ ቀና እያልኩ የት እንዳለ መፈለግ ጀመርኩ።

አንኮበርን ለማያውቅ፣ ክረምቱን ልንገር። ጉሙ ከሰማይ አይወርድም፤ ከቆላው ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። አጥር ይዘላል፣ ቤት ይገባል፣ የተሰጣ ልብስ ከመድረቅ ይልቅ ይርሳል። እንዲህ ያለ አየር ለገብስ ጠላት ነው፤ ከውጭ ለመጣ ሳርማ የባሰ። ሐምሌ ላይ ክቦቹ ይወጣሉ። ማለዳ ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው በእርጥቡ ሳር ላይ የተነደፈ ጥጥ የመሰለ ስስ ድር ይታያል፤ ፀሐይ ሲነካው ይጠፋል። እሱ ነው በሽታው። ሻጋታ ነው።

አስራት አንድ ነጭ የዱቄት መድኃኒት ነበረው። በውኃ በጥብጦ፣ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ይረጫል። በመጀመሪያው ክረምት ክቦቹ በሳምንት ውስጥ ሲሽሩ ጋሽ ዘውዴ በደስታ ትከሻውን መቱት። በሁለተኛው ክረምት ዘግይተው ሻሩ። እኔ በተቀጠርኩበት በሦስተኛው ግን መድኃኒቱና ውኃው አንድ ሆኑ። እሱ ደግሞ ያንኑ ይረጫል።

«ሌላ ዓይነት አትሞክርም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ይኼ አድኖኛል እኮ፤» አለኝ። «ያዳነኝን ነገር ዛሬ ሲደክም ልጣለው?»

መልሱ ስለ ሻጋታ ስሕተት ነበር። ስለ ሰውዬው ግን ብዙ ነገር ነገረኝ።

ነሐሴ ሲጠባ ጋሽ ዘውዴ መስኩ ዳር ሰበሰቡን። ለመስቀል ወዳጆቻቸው ከአዲስ አበባ ሊጫወቱ ይመጣሉ። «እስከዚያ ካልዳነ አርሰዋለሁ፤» አሉ። «ነጭ ሽንኩርት እተክልበታለሁ። ሽንኩርት ቢያንስ ወጥ ያጣፍጣል።» ከዚያ ወደ አስራት ዞሩ። «ሳሩ መድኃኒቱን ለምዶታል። ሰውም የራስ ምታት ክኒን ሲለምድ እንዲሁ ነው። እጥፍ አድርገህ ርጭ።»

አስራት ረጨ። የሳሩ ጫፍ ተቃጥሎ ቢጫ ሆነ፤ ክቦቹ ግን ሰፉ። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የያዘውን ጭብጦ በእጁ እያድበለበለ ሳይበላ ቆየ። ወንድሙ ቆላ ከአንድ ትልቅ እርሻ ላይ ሥራ እንዳገኘለት ነገረኝ። ሳሩ ከታረሰ ይወርዳል። «እዚህ ያለ ሳር ምን እሠራለሁ?» አለኝ። እኔ መልስ ነበረኝ፤ ግን የቄስ ልጅ ነኝ፣ ለወንድ እንዲህ ያለ መልስ ከአፌ አይወጣም። ስለዚህ ስለ ሻጋታ አወራሁ።

«የለመደው ሳሩ አይደለም፤» አልኩት። «በሽታው ነው የለመደው። መድኃኒቱ ደካማ ደካማውን ይገድልና ብርቱውን ያስቀረዋል። የቀረው ይራባል። አሁን መስኩ ላይ ያለው ሁሉ ከመድኃኒቱ የተረፈው ልጅ ነው። እጥፍ ብታደርገው የምትጎዳው ሳሩን ነው።»

«እንግዲያ እኔ ነኝ ያሳደግኩት በይኛ፤» አለና ጭብጦውን ለሁለት ገምሶ ግማሹን ሰጠኝ።

ምክንያቱን ማወቅ ግን መፍትሔ አልሆነም። ሌላ ዓይነት መድኃኒት አዲስ አበባ ተጠይቆ የለም ተባለ። ጋሽ ዘውዴም በዚያ መሀል ሌላ ጥፋተኛ አገኙ። ጊዜው ፍልሰታ ነው። ከታች መንደር ያሉ ሴቶች ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ለጸሎት ወደ ደብሩ ሲወጡ፣ በሌላው ወር የሚዞሩበትን መንገድ ትተው በምንጣፉ መሀል ያቋርጣሉ፤ መንገዱ ጭቃ ነውና። ጋሽ ዘውዴ አንድ ማለዳ እሾህ አስጥለው ጠበቋቸው።

«በእግራችሁ በሽታ እያዞራችሁብኝ ነው፤» አሉ።

ከፊት የነበሩት እትዬ ብርቄ የሚባሉ፣ አንደበታቸው የማይቻል ሴት ናቸው። «የኛ እግር የሚሄደው ለእመቤታችን ነው፣ አቶ ዘውዴ፤» አሉ ቀሚሳቸውን ሰብስበው። «በሽታውን እንጃ፣ አንቱ ብቻዎን በሚጫወቱት ገና የገደሉ መናፍስት ተናደው ልከውት እንዳይሆን።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ጋሽ ዘውዴም ሊቆጡ ሲሉ ሳቃቸው አመለጣቸው። የእሾሁን ነገር በልባቸው ያዙት እንጂ ሴቶቹን ያን ዕለት አሳለፏቸው።

እኔ በልቤ ጋሽ ዘውዴ እውነት ሊኖራቸው ይችላል ብዬ ነበር፤ ሻጋታ በእግር ይዞራል። ስለዚህ ሴቶቹ ካለፉ በኋላ መንገዳቸውን ተከትዬ ሄድኩ። ጠብቄ የነበረው ክብ በክብ ላይ ነው። ያየሁት ግን መስኩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ አንድ አረንጓዴ መቀነት ነበር። ግራና ቀኙ ገርጥቶ፣ እሱ ብቻ ደህና።

አስራትን ጠራሁት። ጫማውን አውልቆ መጣና አጠገቤ ተንበረከከ። ሁለታችንም መዳፋችንን ሳሩ ላይ አደረግን። ከመቀነቱ ውጭ ያለው ሳር በጤዛ ተውጧል፣ ድሩም አለበት። መቀነቱ ላይ ግን እጃችን ብዙም አልራሰም።

«ቀሚሳቸው፤» አለ አስራት።

የሴቶቹ ቀሚስ በየማለዳው ጤዛውን እየጠረገው ያልፋል። ሻጋታ ደግሞ ውኃ ካላደረ አይበቅልም። ጋሽ ዘውዴ ሊከለክሉት የነበረው እግር ሳሩን ሲያክም ከርሟል። በፊታቸው ቆመን ስንነግራቸው ጎንበስ ብለው መቀነቱን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ፍልሰታ አይሆን?» አሉ። «እስከ መስቀል ሞክሩ።»

አስራት ረጅም የቃጫ ገመድ አመጣ። አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን፣ ገመዱን ሳሩ ላይ አስተኝተን መስኩን ከዳር እስከ ዳር እንጎትታለን። ጤዛው እንደ ዝናብ እየተረጨ ይረግፋል። ነፋስ እንዲገባ ከመስኩ በላይ ያለውን የጽድ አጥር መለመልን። ዱቄቱን ተወው፤ ማዳበሪያውንም ቀነስን።

ከሁሉ የማስታውሰው ጉሙን ነው። አንዳንድ ማለዳ ከእጄ አልፎ ምንም አይታየኝም። ሜዳው የለም፣ ደብሩ የለም፣ አስራትም የለም። የማውቀው ገመዱ ሲወጠር ብቻ ነው። ወጠር ካለ፣ አለ። ከላላ፣ ቆሟል ማለት ነው። ቀሚሴ ከእግሬ ላይ ተጣብቆ ስቆም ወዲያ ማዶ ይሰማዋል፤ ሁለቴ ሳብ፣ ሳብ ያደርገውና ከጉሙ ውስጥ፣

«አለሽ?» ይለኛል።

«አለሁ፤» እለዋለሁ። እንቀጥላለን።

ጳጉሜን ላይ፣ ሴቶቹ ወደ አሮጌው መንገዳቸው ተመልሰው፣ እሸት የደረሰበት ሰሞን፣ እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ማዶ ቆመው አዩን። «እናንተ ልጆች፣» አሉ፣ «በገመድ ነው የምትተጫጩት ዘንድሮ?» ከጥቂት ቆይታ በኋላ ገመዱ ከአስራት በኩል ሁለቴ ተሳበ፤ ያን ቀን ጉም አልነበረም፣ እኔም አልቆምኩም።

ለመስቀል ሳሩ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ሦስተኛው ቀዳዳ ያለበት ጥግ ሞቶ ነበር፤ እዚያ ቀደም ብሎ እውነትም ሽንኩርት ተተክሎ ነበር። በቀሩት ሁለት ቀዳዳዎች ዙሪያ ክቦቹ ጠበቡ፣ ከሥራቸውም አዲስ ሳር መጣ። እንግዶቹ ተጫወቱ። የአንዱ ኳስ ሽንኩርቱ ውስጥ ገብታ ስትጠፋ ጋሽ ዘውዴ «ፈልጋት፣ ስትመለስ ደግሞ ለወጥ የሚሆን ይዘህ ና፤» ሲሉት ሰማሁ። ማታ አስራትን ጠርተው «ለከርሞ ገመድ ግዛ፤» አሉት። ወደ ቆላ አልወረደም። በኋላ ሌላ ዓይነት መድኃኒትም ተገኘ፤ ግን እያፈራረቀ፣ ሲብስ ብቻ ነበር የሚረጨው። ከጥር በኋላ አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ላከ።

ማረፊያው ዛሬ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ምንጣፉም የለም። እኛ ደብረ ብርሃን ከገባን በኋላ አስራት ደጃችን ላይ ይህችን መስክ ዘራ። ኳስም ቀዳዳም የላትም። ለሁለት ሰው ገመድ ትበቃለች፤ ለዚያ ነው የዘራት።

ዘነበች «ትለምጂዋለሽ» ስትለኝ ልመልስላት ያልቻልኩት ነገር ይህ ነው። የመጀመሪያው ሰሞን «እግዜር ያጽናሽ» ሲሉኝ እውነትም እጸና ነበር። ቃሉ ሲነገረኝ የሆነ ነገር ከላዬ ይነሣል። እያደር ግን ያው ቃል መጥቶ ነክቶኝ ይመለሳል። የሚለምደው እኔ ሳልሆን ኀዘኑ ይመስለኛል። ቀላል ቀላሉን የሰው ቃል አነሣልኝ፤ የቀረው ብርቱው ነው። ጮክ ብለው ቢሉት፣ ደጋግመው ቢሉት፣ የሚጎዳው ሳሩ ነው። ሰዎቹን አልወቅስም። ያዳነንን ነገር መተው ከባድ መሆኑን ከአስራት ተምሬአለሁ።

ትናንት ማለዳ ገመዱን ከተሰቀለበት አወረድኩ። አንዱን ጫፍ ይዤ ሌላውን መሬት ላይ እያየሁ ቆምኩ። ብቻዬን ስጎትተው ይጠቀለላል እንጂ ሳሩን አይጠርግም። ወደ አጥሩ ሄጄ ዘነበችን ጠራኋት።

«ምን ልሁን?» አለች ጋቢዋን እያስተካከለች።

«ያንን ጫፍ ያዢልኝ።»

ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ጫማዋን አውልቂ ሳልላት አወለቀችና «ውይ፣ በረዶ ነው እኮ፤» እያለች ወዲያ ማዶ ሄደች። መጎተት ጀመርን። ጤዛው ረገፈ። መሀል ላይ ስደርስ ቆምኩ። የ«አለሽ?»ን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዘነበችም አታውቀውም። ገመዱ ግን ከወዲያ በኩል ወጠር አለ።

«ሳቢ እንጂ፣» አለች፣ «ትተሽኝ ሄድሽ እንዴ?»

«አለሁ፤» አልኳት።

ጤዛው ነገም ይወርዳል። ነገም እንድትመጣ ነግሬአታለሁ።