የአላምረው መለኪያ ባክቴሪያ

አላምረው በጎንደር አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ አንድም ቀን ስሙ በክፉ ተነሥቶ አያውቅም። የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነው፤ ጠንቃቃ፣ ትንሽም እልኸኛ። መብራት በጠፋ ቁጥር ማቀዝቀዣው እየሞቀ ባክቴሪያዎቹ ሲበላሹበት መላ ዘየደ። በረጋ ምግብ በተሞሉ ትንንሽ ብልቃጦች ውስጥ እየተከለ፣ በሰም እያሸገ፣ የእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደራቸው። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ሳይቀሩ አደነቁለት፤ ሙገሳ እንደሆነ ማን ይጠላል፣ እሱም ደስ አለው።

ከሁሉ የሚሳሳላት አንዲት መለኪያ ባክቴሪያ ነበረች። አንቲባዮቲክ የነካቸው ክብ ወረቀቶች፣ ዲስክ የሚሏቸው፣ መጀመሪያ የሚሞከሩት በእሷ ላይ ነው። እሷን ከገደሉ ደህና ናቸው። በ2003 ዓ.ም. ግን ነጋዴው ሐጂ ሸሪፍ በበረዶ ሣጥን ያስመጣቸው ዲስኮች አልገደሏትም። አላምረው ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። «መንገድ ላይ ሙቀት አግኝቷቸው ተበላሽተዋል» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ሸሪፍ አቅራቢነቱን ተነጠቀ፣ በከተማውም ስሙ ጠፋ።

ያ ዲስክ ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ከገበያ ጠፋ። በመጨረሻ ከሌላ ነጋዴ ተገኘ፤ እሱም አልገደላትም። ይሄኔ ዳግማዊት የምትባል ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ባክቴሪያዋን ውጭ አገር ልካ ዘረመሏን አስነበበች። ውጤቱ ሲመጣ አላምረውን ጠርታ አስቀመጠችው።

«አያ አላምረው፣ በባክቴሪያዋ ውስጥ ከቦታ ቦታ የምትዘል ዘረመል አለች አይደል፣ ዘላይዋ፤ ቦታ ቀይራለች። ተኝቶ ከነበረ ሌላ ጂን ፊት ገብታ ቀሰቀሰችው። መድኃኒቱን የሚያፈርሰው እሱ ነው።»

«ዘላይዋማ የሞተች ናት ተብሎ የለ?» አለ። መሃሏ ላይ «ቁም» የሚል ምልክት ስላለ ሙሉ ፕሮቲን አታሠራም የሚል ወረቀት ድሮ ከባክቴሪያዋ ጋር ተሰጥቶታል።

«ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም የዘላይዋን መመሪያ ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ነው የሚያነበው። አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ ጋ ይቆማል። አጭር ፕሮቲን ይወጣል፣ እሱም ዘላይዋን አፍኖ ይይዛታል። አልፎ አልፎ ግን አንድ ፊደል ተደጋግሞ የተደረደረበት ቦታ ሲደርስ ያዳልጠውና አንድ ፊደል ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ አከፋፈሉ ስለሚለወጥ ‹ቁም› የሚለው አይታየውም፣ እስከ መጨረሻው ያነባል። ረጅሙ ፕሮቲን ሲወጣ ነው እሷን ወስዶ ሌላ ቦታ የሚተክላት።»

«ስንት ጊዜ ነው የሚያዳልጠው?»

«ከመቶ ጥቂቱን ብቻ። ቢበዛማ ባክቴሪያዋ ራሷም ባልተረፈች። በእርስዎ ብልቃጥ ውስጥ ግን ስንት ዓመት በሕይወት ተቀመጠች፤ ጥቂቱ ተጠራቀመ። በረዶ ውስጥ ብትሆን ዘላይዋ ባልተነቃነቀች ነበር።»

አላምረው ሦስት ቀን ያን የፈረመበትን ወረቀት እያወጣ ሲያየው ሰነበተ። ጡረታ ሊወጣ ስድስት ወር ቀርቶታል። ዳግማዊትም ለደግነቷ «መለኪያ ቀየርን ብለን እናልፈዋለን» ብላው ነበር። ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም፣ የሸሪፍ ስም ግን እንደጎደፈ ሊቀር ነው። ይህን ሲያስብ ያፍራል፣ ከማፈሩም በላይ ይፈራል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሸሪፍ ሱቅ ገባ። ሰውየው አሁን ጨርቅ ብቻ ነው የሚሸጥ።

«ሐጂ፣ ዲስክዎ ደህና ነበር። የተበላሸችው የኔዋ መለኪያ ናት። ሰኞ በፊርማዬ ጽፌ እሰጣለሁ» አለ።

ይቆጣኛል ብሎ ነበር፤ ሸሪፍ ግን መነጽሩን አውልቆ ጨርቁ ላይ አስቀመጠ።

«በረዶው አልቀለጠም ማለት ነው?»

«አልቀለጠም።»

«ያን ጊዜ ጭኖ ያመጣው ወንድሜ ዐብዱልከሪም ነበር። አልቀለጠም ብሎ ማለልኝ። ምነው የላቦራቶሪ ሰው ይዋሻል ወይ ብዬ ከቤቴ አስወጣሁት።»

«የት ነው ያለው? እኔው ሄጄ እነግረዋለሁ።»

«ቆላ ዛሪማ ወርዶ የሰው ማኪና ሲነዳ ቆየ። አምና በወባ ሞተ። ሳንታረቅ ነው የሞተው።»

አላምረው ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ሸሪፍ ከኋላው፣ «ደብዳቤውን ስትጽፍ የሱንም ስም አግባልኝ» አለው።