ሁለት ወረቀት ለአንድ ሚደቅሳ

ሙሉመቤት ጌጃ ሰፈር በተተከለው ድንኳን ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው የኖረችው ባሏ፣ የተሳቢ መኪና ሹፌሩ ሚደቅሳ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀበራል። በቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እሷ ጽፋዋለች። አንድ ገጽ ለመሙላት ከንጋት እስከ አምስት ሰዓት ፈጅቶባታል።

የሟች ታላቅ ወንድም ባጫ ወረቀቱን ተቀብሎ ገለጥ አደረገና ሳቀ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቀ።

«ይሄን ዶሮ ነው የጫረው? እድሩ ያዘጋጀው ጽሑፍ አለ። የሹፌር ሚስት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ደራሲ የሆነችው?»

«ጋሼ ባጫ፣ እርስዎ አብረውት አልሄዱም። ጋቢና የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«ልጅ ብትወልጂለት ጋቢና ምን ያስቀምጥሽ ነበር?»

ወረቀቱን ጭኗ ላይ ወረወረላት። እሷም አንገቷን ደፋች። ድሮም እንዲህ ናት። ያን ቀን ግን ሆዷን የሞላው ሐዘን ብቻ አልነበረም። ባጫን ጠላችው፤ እስከ ጫማው ድረስ ጠላችው።

ልደታ ማርያም ግቢ ሲደርሱ የእድሩ ጸሐፊ ነጋ በኮምፒውተር የተጻፈውን ማንበብ ጀመረ። የእድሩ ጽሑፍ ከሟች ወደ ሟች የሚተላለፍ ነው፤ ስምና ዓመተ ምሕረት ይቀየርለታል። በዚያ ቀን ጥድፊያ ግን ሳይቀየር የቀረ ነገር ነበር።

«...ከወይዘሮ ሙሉመቤት ጋር በሕግ ተጋብተው አምስት ልጆች አፍርተው ለቁም ነገር አብቅተዋል...»

ሰው ተያየ። ከኋላ አንዷ «የት ደብቀዋቸው ኖሯል?» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አቁም!» አለች ሙሉመቤት። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም።

«እትዬ ሙሉ፣ ይቅርታ... ካለፈው ሟች ስንገለብጥ ነው» ብሎ ነጋ ተንተባተበ።

«ቀጥል!» አለው ባጫ ጥርሱን ነክሶ። «አስከሬን አቁሞ ጭቅጭቅ አለ እንዴ? አምስት ቢባል ምን ጎደለባት? ለቤተሰቡ ስም ነው።»

«ለስምዎ ብለው ባሌን ሌላ ሰው አያድርጉብኝ!»

ወረቀቷን ለነጋ ሰጠችው። አገላበጠው፣ አንድ መስመር ሞከረ፣ ፊደሏ አልነበብ አለው። መልሳ ወሰደችና ጣቷን ከፊደሉ ስር እያስኬደች ራሷ አነበበች።

«ሚደቅሳ ልጅ የለውም። ተሳቢ ነድቷል። ሞያሌም፣ መተማም፣ ጋላፊም ወስዶኛል። ኬላ ላይ ሁለት ቀን ስንገተር መጽሐፍ ያነብልኛል። የሚያሳዝነው ጋ ሲደርስ ዘሎብኝ ያልፋል፤ ሳውቅበት እንጣላለን። ፊደል ያስቆጠረኝ በአርባ ዓመቴ ነው፣ ጋቢና ውስጥ። ቦረና የግመል ወተት ጠጥቼ ሆዴን ሲቆርጠኝ ስቆብኛል። አገሩን ያላየ ሰው አገሬ አይበል ይል ነበር...»

«በቃ! ቄሶቹ ቆመዋል» አለና ባጫ ክንዷን ያዘ።

መንጭቃ አስለቀቀችው። «አልጨረስኩም።»

አንድ ቃል ላይ ሦስቴ ተሰናከለች። ባጫ በአፍንጫው ተነፈሰ። ማንም አላገዛትም፤ ማንም ደግሞ ከቦታው አልተነቃነቀም። አራተኛው ላይ ወጣላት።

«ዓይኑ ሲደክም እኔ አነበብኩለት። ቀስ እያልኩ። አልሰለቸኝም፣ አልሰለቸውም።»

ወረቀቱን አጠፈችና ወደ ባጫ ዞረች።

«አሁን ይቅበሩት» አለችው።