«አይነሱ» የማይባልበት ቤት

ባለፈው እሁድ እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ሊቶኒያ፣ ለቅሶ ልደርስ ስገባ አንድ አዛውንት ሊነሱልኝ ከወንበሩ ጋር ሲታገሉ ዝም ብዬ ቆምኩ። እስኪነሱ ጠበቅኋቸው፤ ተነሱ፤ አመስግኜ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት በክርኗ ጎሰም አድርጋ «አይነሱ አይባልም እንዴ?» አለችኝ። ይባላል። እኔ ግን ማለት ከተውኩ ዓመታት ሆነኝ፤ ያስተወችኝም አክስቴ ናት።

ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ በመጣሁ ሰሞን ነው። ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ከአክስቴ ከእትዬ አስካለ ጋር እኖር ነበር። ቀን እኔ ሆቴል ስሠራ እሷ ብቻዋን ትውላለች። በብርዱ ማብቂያ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ልጇ ዳዊት የሚኖረው ደንዉዲ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ። ያለ ሰው እርዳታ ከወንበር መነሳት ካልቻለች መጦሪያ ቤት ሊያስገባት ቆረጠ። አክስቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል አልወርድ አላት።

ዶና የምትባል ቴራፒስት ቤት ድረስ ትመጣላት ጀመር። ሥራዋ ሰው ከሕመም በኋላ ልብሱን መልበሱን፣ ገላውን መታጠቡን፣ የዕለት ኑሮውን ራሱ እንዲችል ማለማመድ ነው። «ተነሺ፣ ተቀመጪ» ስትላት አክስቴ ፊቷን አዞረችባት።

«ለማን ብዬ ነው የምነሳው? ሰው አልገባ።»

ተረጎምኩላት። ዶና አልሳቀችም።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። በፀደይ መንገዱን ሁሉ የሚሸፍነው የዛፍ ብናኝ ጫማቸውን ቢጫ አድርጎታል። አክስቴ ማንም ሳያዛት የወንበሩን እጀታ ጨብጣ ከመቀመጫዋ ከፍ አለች። ጋሽ ታደሰ ሮጠው ትከሻዋን ይዘው «በሞቴ፣ አይነሱ» ብለው መልሰው አስቀመጧት። ጠያቂ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር፣ እኔንም ጨምሮ። ለካ አክብረን አክብረን ወንበር ላይ ልናስቀራት ነው።

ዶና ወደ እኔ ዞራ «ሰውዬው ይውጡና እንደገና ይግቡ። ተቀመጪ እንዳይሏት» አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ትልቅን ሰው «ይውጡ፣ ከዚያ እስኪነሱልዎ ቆመው ይጠብቁ» ይባላል? አልኳቸው እንጂ ምን አደርጋለሁ።

«አሜሪካ በላሽ፣ አንቺ ልጅ» ብለው ወጡና አንኳኩ።

ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። አክስቴ ተነሳች ስንል ተመልሳ ቁጭ አለች። ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ሲዘረጉ ዶና በዓይኗ ከለከለቻቸው። አክስቴ እንደገና ሞከረችና ቆመች።

«ኖር» አለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«በእግዜር» አሉ ጋሽ ታደሰ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ።

ከዚያ ወዲያ ጠያቂው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። ቅር ብሎት የቀረም ነበር። መጦሪያውን ሊያስጎበኛት ዳዊት በመጣ ቅዳሜ፣ ገና በሩን አልፎ ሲገባ አክስቴ ብድግ አለችለት። እናት ለልጇ አትነሳም፤ ልጁ ደነገጠ።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? ቀስ በይ፣ ለአፖይንትመንቱ እንደርሳለን።»

«አየኸኝ?» አለችው እንደቆመች። «እንግዲያው ካንስል አድርገው።»

ዳዊት ስልኩን አውጥቶ ወደ በረንዳው ወጣ። አክስቴም መጦሪያ ሳትገባ እስከ ዕለተ ሞቷ በቤቷ ኖረች።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ጉልበቴን ማመም ጀምሮኛል። ከሶፋው ልነሳ ስል ልጆቼ «ቁጭ በይ፣ እኛ እናመጣልሻለን» ይሉኛል። ደጎች ናቸው። ፍቅራቸው ደስ ይለኛል፤ ያስፈራኛልም። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ።