የናይለኑ ቋጠሮ

ሰማያዊ የናይለን ገመድ ሳይ እስከ ዛሬ ፊቴ ይጠቁራል። የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ ገመድ መጥላቴ ልጆቼን ያስቃቸዋል። በጃንሆይ ጊዜ ሆሳዕና አቅራቢያ፣ ጃጁራ ያደገ ሰው ግን ይረዳኛል። እንሰት የሚፋቅበት ጓሮ፣ አጥር ላይ የተሰጣው እርጥብ ቃጫ፣ እናቴ ጭኗ ላይ እያሻሸች የምትገምደው ገመድ፤ ልጅነቴ ቃጫ ቃጫ ይሸታል።

አንድ ቀን አባቴ ሆሳዕና ገበያ ደርሶ ያንን ሰማያዊ ገመድ ይዞ መጣ። አይበሰብስም፣ አይበጠስም ብሎታል ባለሱቁ። እናቴ አገላብጣ አየችው፤ አሸተተችው። "ከምን ቅጠል እንደተፋቀ የማላውቀውን ነገር አላምንም" አለች። አባቴ ሳቀባትና ላማችንን ደጅ ካለው ግንድ ጋር አሰረበት። እንደ ልማዱም አንገቷ ላይ ባለው ቋጠሮ ውሃ አርከፈከፈ፤ ቃጫ ውሃ ሲነካው አብጦ ይጠብቃላ!

ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ላሟ የለችም። ገመዱ ግንዱ ላይ እንደታሰረ ቀርቷል፤ አልተበጠሰም፣ አልተቆረጠም፤ የአንገቷ ቋጠሮ ብቻ ተፈቷል። እኛ የምናውቀው ገመድ ይበጠስ እንደሆነ እንጂ በራሱ ተፈቶ አያውቅም። የሰው እጅ አለበት ተባለ። የዚያን ቀን ሰፈር የቀሩት ደግሞ ጎረቤታችን አቶ ላምቤቦ ብቻ ነበሩ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። "ጃንሆይ ይሙቱ ብለህ ማል!" አሏቸው። አቶ ላምቤቦ አዲስ አማኝ ነበሩ። "ጌታን ካመንኩ ወዲህ አልምልም። አልነካሁም፣ በቃ" አሉ። ይሄኔ የተጠራጠረው ሁሉ እርግጠኛ ሆነ። እኔም ከልጃቸው ከማርታ ጋር እንዳልጫወት ተከለከልኩ። ላሟ በጊምቢቹ መንገድ ስትግጥ ብትገኝም "ሌባው ፈርቶ ለቀቃት" ተባለ እንጂ የአቶ ላምቤቦ ስም አልነጻም።

እናቴ ብቻ ሰውየውን ትታ ገመዱን ጠረጠረች። ሽማግሌዎቹ ባሉበት አባቴ ላሟን እንደዚያን ቀን አስሮ ቋጠሮውን እንዲያርሰው አደረገች። ላሟ ዝንብ ልታባርር አንገቷን ስትወዘውዝ ቋጠሮው እየሾለከ፣ እየሾለከ ሄዶ ተፈታ። አባቴ መሬት መሬት አየ።

ዛሬ ይህንን ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ቃጫውም ናይለኑም ውስጣቸው ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ነው። የቃጫው ክር ግን ሻካራ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ እርስ በርሱ ይያያዛል። ናይለኑ ጠንካራ ነው፣ ሲስቡት ይለጠጣል፤ ነገር ግን ልሙጥ ስለሆነ ቋጠሮ አይዝም፣ ሲረጥብ ጭራሽ ይንሸራተታል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ቀላል ነገር ነው።

ያኔ አባቴ የአቶ ላምቤቦ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ፤ እሳቸውም ይቅር አሉት። አሁን በምኖርበት ሆሳዕና ሁሉም ግቢ የቆርቆሮ በር አለው፤ ጎረቤት ሳያንኳኳ አይገባም፣ ቅር የሚለውም የለም። ያኔ ግን አቶ ላምቤቦ እሳት ለመጫር ቤታችን ዘው ብለው ይገቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ አጥሩ ውጭ ቆመው መጣራት ጀመሩ። እናቴ "ኧረ ይግቡ እንጂ!" ትላቸዋለች። "ግዴለም፣ እዚሁ እጠብቃለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ቢጠፋባችሁስ?" ይሏታል እየሳቁ። እናቴ ፍሙን ይዛ ስትወጣ ዓይናቸውን ማየት ያቅታት ነበር።