አማቴ፣ ጎረቤታቸውና የኩባ ማዕቀብ

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን አፓርትመንት ይኖራሉ። እኔ ሳንታ ክላራ የቢሮ ሠራተኞችን በሻትል አውቶቡስ የማመላልስ ሹፌር ነኝ፤ ቤቴ ኦክላንድ ነው። ከሥራ ስወጣ ብቅ ብዬ ሳላያቸው ወደ ቤት አልሄድም፤ ብሄድም ባለቤቴ በሩን አትከፍትልኝም።

ከበራቸው ፊት ለፊት አንዲት ኩባዊት አሮጊት ይኖራሉ። ሁለቱ በእጅ ምልክትና በሳቅ ብቻ ወዳጅ ሆነው ነበር። እኔ ስፓኒሽ እንደምናገር ሲያውቁ አስተርጓሚ አደረጉኝ። ቋንቋውን የለመድኩት እዚህ ኦክላንድ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ በሚበዛበት ፍሩትቬል ሰፈር አይደለም። አባቴ ጦርነት ላይ ሲሞት፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ ከብዙ ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተላክሁ። ግማሽ ቀን እየተማርን፣ ግማሽ ቀን ግሬፕፍሩት እየለቀምን አደግን።

አንድ ቀን ሦስታችን ላውንደሪ ክፍል ተቀምጠን ልብሱ እስኪደርቅ እንጠብቃለን። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን አሜሪካ ከኩባ ጋር ያላት ንግድና ጉዞ ይከፈት አይከፈት የሚል ክርክር ያሳያል። ኩባዊቷ ከወንበራቸው ተነሡ።

“መንግሥት የአባቴን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነጥቆናል። እሱን ሳይመልሱ አንዲት ሚስማር አትግባላቸው!”

ተረጎምኩ። ደርግ ሁለት ቤት የወረሰባቸው አማቴ ፊታቸው በራ።

“እሰይ! የኛንም ወስደውታል በላት። ይበላቸው!”

እኔ ግን ማዕቀቡ እንዲነሳ ነው የምፈልገው። ያሳደጉኝ ሰዎች ዛሬ የራስ ምታት ክኒን አጥተው ይሰለፋሉ። ይህን በሁለቱም ቋንቋ ተናገርኩ። በሁለቱም ቋንቋ ተገላመጥኩ።

“አንተማ ዳቧቸውን በልተሃል፣ ምን ታደርግ” አሉኝ አማቴ።

ኩባዊቷ ረጅም ነገር ጨመሩ። ጨዋ ያልሆነውን ዘልዬ አሳጥሬ ተረጎምኩ።

“ይህን ሁሉ ጮኻ ያንተ ትርጉም ይህችው ናት? ሙሉውን ንገረኝ እንጂ!” አሉ አማቴ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኩባ ልሄድ መሆኔን ነገርኳቸው። የድሮ መምህራኖቼን ልጠይቅ፣ መድኃኒትም ላደርስ ነው። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ኩባዊቷ ግን ወደ ቤታቸው ገብተው አንድ ቦርሳ ይዘው ተመለሱ። የንባብ መነጽር፣ የወገብ ቅባት፣ መርፌና ክር። ሐቫና ላለችው ታናሽ እህታቸው ነው።

አማቴ ቦርሳውን አገላብጠው አዩ። “ሚስማር አይግባ ስትል አልነበር? ታዲያ መርፌው ምንድን ነው?”

ኩባዊቷ አልደነገጡም። “ማዕቀቡ ለመንግሥቱ ነው። መርፌው ለእህቴ ነው።”

አማቴ ትንሽ አሰቡና ከመሳቢያቸው አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲ አውጥተው ጨመሩበት።

“እማማ፣ እዚያ እኮ ሙቀት ነው።”

“የአሮጊት እግር የትም ይበርደዋል። አድርስ ስልህ አድርስ!”

ሐቫና ደርሼ ታናሽየዋን አገኘኋቸው። ሊፍቱ ስለተበላሸ አራት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ቀጭን፣ ተጫዋች ሴት ናቸው። መነጽሩን አደረጉና እዚያው መርፌው ላይ ክር አስገቡ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይሰፋ የቀረ የቀሚስ ጠርዝ ሰፍተው እስኪጨርሱ አላናገሩኝም። ካልሲውን ባዩ ጊዜ ግን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ለእህታቸው እንዲህ ብለው ቪዲዮ አስቀረጹኝ፦

“ማዕቀቡ ቢነሳ እኔ ደስ ይለኛል። የጎደለው ሁሉ በማዕቀቡ ነው የሚሉሽን ግን አትመኚ፤ የራሳችን ሹማምንትም አሉበት። ሱቁን ተይው፣ አንቺ ነይ።”

ስመለስ ቪዲዮውን አማቴ ሶፋ ላይ ሆነን፣ ለአማቴ እየተረጎምኩ አየነው። ኩባዊቷ ደጋግመው አስከፈቱኝ። ፖለቲካውን እንዳልሰሙ ሆነው “ከስታለች” ብቻ አሉ። ያ መንግሥት እያለ እግሬ ኩባን አይረግጥም ብለው የማሉ ሴት ናቸው።

አማቴ የኩባዊቷን እጅ ያዝ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

“እንዲህ በላት። ንግዱ ይቆይ፣ መንገዱ ግን ይከፈት። ሱቅ ይጠብቃል፤ እህት አትጠብቅም።”

በንግዱ ላይ ከአማቴ ጋር አልስማማም፤ ቢሆንም ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ኩባዊቷ ከሳን ሆዜ ሐቫና ትኬት ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ።

በሚያዝያ ሄዱ። በሳምንቱ አማቴ ዘንድ ሳለሁ በቪዲዮ ደወሉልን። ሁለቱ እህትማማች አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል፤ ሰላምታውም ሳያልቅ እርስ በርስ ይጯጯሁ ጀመር።

“ምን ሆኑ?” አሉ አማቴ ተጨንቀው።

“ስለ ማዕቀቡ እየተከራከሩ ነው።”

“ማን እያሸነፈ ነው?”

ልመልስላቸው ስል እዚያ መብራት ሄደና ስልኩ ተቋረጠ። አማቴ ዞር ብለው አዩኝ፤ “በል መልሰህ ደውል እንጂ!”