አጎቴና ቻይናዊቷ ተማሪያቸው
አጎቴ ካረፉ ሁለት ወር አለፈ። አገር ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፤ ፍራንክፈርት ግን ሬንተ (ጡረታ) እስኪወጡ ፋብሪካ ሠሩ። ደርግ ወድቆም አልተመለሱም።

እሑድ እሑድ ዞሰንሃይም በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር፣ ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት፣ አንዲት ቻይናዊት ጎረቤታቸውን እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። እሷን ያስቸገራት “ራን” (run) የሚለው ቃል ነው። ሰው መሮጡም፣ ውሃ መፍሰሱም፣ ሞተር መሥራቱም፣ ሱቅ ማስተዳደርም በዚያው ቃል ይነገራል። አጎቴ በሳምንት ከአንድ ትርጉም በላይ አያስተምሯትም። ቧንቧውን ከፍተው የሚፈሰውን ውሃ ያሳዩዋትና፣ “ለዛሬ ይሄ ይበቃል፤ የቀረው ለሳምንት” ይሏታል።

“ለምን ሁሉንም ባንዴ አይነግሯትም?” ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

“ምን ያስቸኩለናል ልጄ?” አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት ልባቸው ቆመ። እሑድ፣ የሚቀበሩበትን ሱፍ ልወስድ ቤታቸው ሄጄ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ተማሪያቸው ደብተሯን ይዛ መጥታለች፤ የነገራት ሰው አልነበረም። በጀርመንኛ ነገርኳት፤ አልገባትም። የጀርመንኛና ቻይንኛ መዝገበ ቃላቷን ተቀብዬ “ሞተ” የሚለውን ፈልጌ በጣቴ አሳየኋት።

አነበበችው። ገብታ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ የእሳቸው ወንበር ባዶ ነበር፤ እኔም ልቀመጥበት አልቻልኩም። እሷ ስታለቅስ፣ ቆሜ አብሬያት አለቀስኩ።