መንገድ ላይ ሰላም የማልላቸው ወዳጆቼ

አታምኑኝም እንጂ ቡታጅራ ውስጥ የእኔን ያህል ወዳጅ ያለው የለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምሰጥ ነርስ ነኝ፤ ክፍሌ ገብቶ በቀልዴ ሳይስቅ የሚወጣ የለም። መንገድ ላይ ግን ቀድሜ ሰላም አልልም፤ ሰላም ያልኩት ሰው ይታወቅበታላ! ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

ባለፈው ገበያ ውስጥ አንዷ ታካሚዬ ምንም ከማያውቁት አማቷ ጋር ቆጮ ስትገዛ ተገጣጠምን። ስታየኝ ደነገጠች።

«ይሄ የሆስፒታሉ ሰውዬ አይደል? ታውቂዋለሽ እንዴ?» አሏት አማቷ።

«ኧረ እናቴ፣ እኔን ደግሞ ማን ያውቀኛል!» ብዬ እየሳቅሁ አለፍኩ።

«አላውቀውም» ስትል ከኋላዬ ሰማኋት።

ለመስቀልም ለአረፋም የሚጠራኝ የለም፤ ብቻዬን እበላለሁ። ውሸት ከመሰላችሁ ገበያ ሄዳችሁ ጠይቁ። «አናውቀውም» ካሏችሁ፣ እነሱ ናቸው ወዳጆቼ።